የልጆች መጽሐፍ ረቂቅ ያላችሁ፣ ቅዳሜ አራት ኪሎ

ሰላም ቤተሰብ፣ "ረቂቄን የሚያይልኝ ሰው አጣሁ" የምትሉ ስለበዛችሁ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ 8 ሰዓት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኝ። ከዚያ ማኪያቶ ወዳለበት እንሄዳለን፣ ውስጥ እንደልብ አይወራማ። ያሳተመ ካላሳተመ ጋር እየተጣመረ ረቂቅ እንለዋወጣለን።

ስትመጡ ወረቀት አጥፋችሁ እንደ ትንሽ ደብተር አድርጉትና ረቂቃችሁን በየገጹ ጻፉበት፣ 32 ገጽ። የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 የሚሆነው ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት በ16 በ16 ገጽ ስለሚያጥፈው ነው። እኔ የመጀመሪያዬን እንዲህ አጥፌ ለእህቴ ልጅ ሳነብላት፣ ገና ግማሽ ሳንደርስ "ጅቡስ የት ሄደ?" አለችኝ። ለካ ረስቼዋለሁ! ያንኑ ረቂቅ አንድ አሳታሚ ስምንት ወር አስቀምጦ መለሰልኝ፣ አንድ ገጽ እንኳ የተገለጠ አይመስልም።

መላኪያ ለምትፈልጉ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ ላይ በአማርኛም ተረት ማውጣት ይቻላል። ግን በነፃ ፈቃድ ስለሚወጣ ብር አትጠብቁ፣ ሌላ ሰውም ሊተረጉመው ይችላል። በራሳችሁ የምታሳትሙ ደግሞ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) የሚወሰደው ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው።

የማትመጡ በውስጥ መስመር ንገሩኝ፣ ጥንድ እንዳይጎድልብኝ።