ልጄ፣ 60 ያንቺ ቁጥር አይደለም

የኔ እናት፣

ትናንት ስልኩ ሲቋረጥ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። እያለቀስሽ እንደዘጋሽው እህትሽ ናት የነገረችኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም፣ ደግሞ አንቺ ሲከፋሽ የሰው ወሬ አትሰሚም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ያነበብሽው ነገር ገብቶኛል። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ይሄ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታችን፣ 60 በመቶው በዘር ነው ይላል። አያቴን ይዟታል፣ እማዬን ይዟታል፣ ስለዚህ እኔን የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ስድሳ ነው ብለሽ ደመደምሽ። ከዚያም አልፈሽ መውለድ አለብኝ ወይ እስከማለት ደረስሽ። አይደለም ልጄ። ዕድሜዬን ባዮሎጂ ያስተማርኩት እንዲህ ያለውን ነገር እንዳትፈሪ ነው።

60 የሚለው ቁጥር ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ብዙ ሕዝብ ውስጥ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም ይቀራል። ከዚያ ልዩነት ውስጥ ስንቱ በዘረመል ይገለጻል ተብሎ የተሰላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ በእንግሊዝና በፊንላንድ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ነው እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰው። ያንቺን ነገር የሚነግርሽ ሌላ ቁጥር አለ፣ እሱም ከመንትዮች የመጣ ነው። ፍጹም አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው መንትያ እህትማማቾች አሉ እንበል። አንዷን በሽታው ቢይዛት ሌላዋን የሚይዛት ከ100 ጊዜ 15 ገደማ ነው፣ 12 ያገኙ ጥናቶችም አሉ። እስቲ አስቢው። ዘረመላቸው አንድ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ማዕዳቸውም ቤታቸውም አንድ ሆኖ፣ ከ100 ሰማንያ አምስቱ ሳይያዙ ይቀራሉ። አንቺ ደግሞ ከእኔ የወሰድሽው ግማሹን ብቻ ነው፣ ሌላው ግማሽ የአባትሽ ነው፣ በአባትሽ ወገን ደግሞ ይህ በሽታ የለም።

እናቱ ወይም እህቱ የታመመችበት ሰው ከሌላው 3 እጥፍ ገደማ ይጋለጣል ይባላል፣ እውነት ነው። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ከ2 እስከ 3 እጥፍ እንደሚይዝም እውነት ነው። ግን ሦስት እጥፍ ሲሉሽ የስንት ሦስት እጥፍ ብለሽ ጠይቂ። ከ100 ሰው ይህ በሽታ ያለበት አንድ ቢሆን ነው፣ ብዙ ቦታ እንዲያውም ከአንድም ያንሳል። የታመሙ እናቶች ልጆች አብዛኞቹ በሰላም ያረጃሉ።

አሁን ዘረመሉ ራሱ ምንድን ነው ላልሽው። ዋናው ክሮሞዞም 6 ላይ ያለ ኤችኤልኤ-ዲአርቢ1 የሚባል ነው። ሥራው፣ ኬላ ላይ መታወቂያ አውጥቶ እንደሚያሳይ ሰው፣ የፕሮቲን ቁራጮችን ይዞ ለመከላከያ ሴሎች ማሳየት ነው። ሴሎቹ አይተው ይሄ የቤት ነው፣ ያ ባዕድ ነው ብለው ይለያሉ። ይህ ዘረመል ብዙ ዓይነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 ግሬገርሰን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ከበሽታው ጋር የሚያያዙት ዓይነቶች በሚሠሩት ፕሮቲን ላይ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ባለው የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ በዪው) ቦታ ላይ ተመሳሳይ ቁራጭ አላቸው። አያትሽም እኔም ያን ቁራጭ ይዘን ይሆናል። ግን ያን ቁራጭ ይዞ ጣቱን እንኳ ሳያመው የሚኖር ሰው ብዙ ነው፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ከ100 በላይ ቦታዎች ተገኝተዋል፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ትንሽ ነው።

ስለዚህ ምራቅ ልኬ ዘረመሌን ላስመርምር ያልሽውን ተዪው። ብሩም ይቅርብሽ። የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ በአውሮፓውያንና በእስያ ሰዎች ላይ ናቸው። ለምሳሌ ፒቲፒኤን22 የሚባል ዘረመል አለ። የበሽታውን አደጋ የሚጨምረው የእሱ ዓይነት አውሮፓውያን ላይ በብዛት ይገኛል፣ አፍሪካውያን ላይ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በእነሱ ልክ የተሰፋ ምርመራ አንቺን በትክክል አይለካሽም። ቢለካሽ እንኳ "ቁራጩ አለሽ" ቢልሽ ምን ታደርጊበታለሽ? ማልቀስ ብቻ ነው።

ልታደርጊ የምትችዪው ነገር ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ አልለማመጥሽም። ሺሻውን ተዪ።

ከጓደኞችሽ ጋር እንደምታጨሺ አውቃለሁ፣ እናት ነኝ። የትምባሆ ጭስ ሳንባ ውስጥ ሲገባ እዚያ ያሉ ፕሮቲኖችን ይለውጣቸዋል፤ አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ወደ ሲትሩሊን ይቀየራል። ያ ቁራጭ ያለበት ዘረመል ደግሞ በተለይ እነዚህን የተለወጡትን ይዞ ማሳየት ይቀናዋል። መከላከያው ባዕድ መስሎት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራባቸዋል፣ ከዓመታት በኋላ ጦርነቱ መገጣጠሚያ ላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊድን ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። ያን ቁራጭ ከእናትም ከአባትም የወሰዱና የሚያጨሱ ሰዎች፣ ቁራጩም ሲጋራውም ከሌለባቸው ጋር ሲተያዩ፣ እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበት ዓይነት በሽታ 21 እጥፍ ይይዛቸው ነበር። ሃያ አንድ! ዘረመሉን መለወጥ አትችዪም፣ ጭሱ ግን በእጅሽ ነው። በውኃ ውስጥ ስላለፈ ትምባሆነቱ አይቀርም። ለወንድምሽም ይህን አንብቢለት፣ እሱ እዚህ ድሬ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ በርጫ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን በሲጋራ ነው የሚለኩሰው፣ አቦ ስንቴ ልንገረው!

ሌላው ነገር፣ ከመጣ ቶሎ መያዝ ነው። አያትሽን ሐረር ሳለች የጀጎል ብርድ ነው ይሏት ነበር። እኔን ደግሞ እዚህ ብርድ በሌለበት አገር ፋኑ ነው ያመጣብሽ አሉኝ፣ ላብሽ ሳይደርቅ ፋን ሥር እየተኛሽ። ብርድም ፋንም አይደለም። የኔ የጀመረው ጠዋት ጠዋት ነው። ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይላሉ፣ ሙሉ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚፈቱት። የጣት መነሻ አንጓዎቹና መሃለኞቹ አበጡ፣ ጫፎቹ ግን ደህና ነበሩ። ቀኝ ሲያብጥ ግራም ያብጣል። ጠመኔ ይዤ መጻፍ አቃተኝ፣ ቀለበቴ አልወጣ አለ፣ ሰው ሲጨብጠኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ጎረቤት ሁሉ ዲክሎፍናክ ግዢ አለኝ። ዲክሎፍናክ ሕመሙን ያስታግሳል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም፣ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ከሳምንታት በላይ ከቆየብሽ፣ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። "እናቴና አያቴ አለባቸው" ብለሽ ጀምሪ፣ ሐኪም ይህን መስማት ይፈልጋል። ሩማቶይድ ፋክተርና ፀረ ሲሲፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች አሉ፤ ፀረ ሲሲፒ ቅድም ያልኩሽ፣ በተለወጡት ፕሮቲኖች ላይ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ ሲሲፒ ሕመሙ ከመጀመሩ ዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊታይ ይችላል፣ ግን ምንም ሳያምሽ ሮጠሽ አታስመርምሪ፣ ያለበት ሁሉ አይታመምም። ድድሽንም ጠብቂ፣ የድድ በሽታም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

መውለድን በተመለከተ፣ ውለጂ። እኔን ስለያዘኝ ልጅሽን ይይዘዋል ማለት አይደለም፣ ቢይዘው እንኳ ዛሬ አያትሽ ያላገኘችው መድኃኒት አለ። እኔ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን፣ በሽታውን ራሱን የሚገታውን መድኃኒት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ እሁድ እወስዳለሁ፣ በየቀኑ የሚወሰድ አይደለም፤ ከሱ ጋር ፎሊክ አሲድ አለ፣ ጉበቴንም በደም ምርመራ ይከታተሉታል። አሁን ጀበናውን በአንድ እጄ አነሳለሁ። አንቺን አንድ ቀን ቢይዝሽና ይህን መድኃኒት ቢያዙልሽ፣ ለማርገዝ ካሰብሽ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ለፅንስ አደገኛ ነው፣ ሌላ የሚተካው አለ።

ለእጮኛሽም ይህን ደብዳቤ አሳዪው፣ የሚደበቅ ነገር የለውም። ቅዳሜ ደውዪልኝ፣ ከሰዓት ሳይሆን ማታ ሲበርድልን። ስለ ሺሻውም ያን ጊዜ ንገሪኝ።

እናትሽ፣
ድሬዳዋ