ፑት ኦፍ ማለት ቀረ ማለት አይደለም በይልኝ

እህትዋ፣ እንዴት ነሽልኝ?

መጥፋቴን አውቃለሁ፣ በጣም ይቅርታ፣ ስንገናኝ እንደ ልማድሽ ትቆጪኛለሽ እኔም ዝም ብዬ እሰማሻለሁ። ልደውል ብዬ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ይሄን ያህል ጠፍቶ ለጉዳይ መደወል ከበደኝና መጻፉ ይሻላል አልኩ።

ምን መሰለሽ፣ ታናሼ ናት ያስጨነቀችኝ። ያቺ ከኋላሽ ከኋላሽ እየሄደች እንግሊዝኛ አስተምሪኝ እያለች ስትነዘንዝሽ የነበረችው፣ አንቺም ለሷ ሲሆን ትዕግስትሽ አያልቅም ነበር፣ ለኔ ግን አንዴ ነው የምታስረጂው! ሥራ አመልክታ ለኢንተርቪው ጠርተዋት፣ ስትዘጋጅ ከርማ፣ ቀኑ ሲደርስ ኢሜይል መጣላት። "ዩር ኢንተርቪው ሃዝ ቢን ፑት ኦፍ አንቲል ፈርዘር ኖቲስ" ይላል፣ ሌላ ማስታወቂያ እስክንልክ ኢንተርቪውሽ ተራዝሟል ነው፣ ከዛ ሌላ ምንም የለውም። አንብባ ስትጨርስ "በቃ ጣሉኝ" ብላ ወረቀቶቿን ሰብስባ ከተተች፣ ከዛ በኋላ መዘጋጀት የለ፣ ሌላ ቦታ ማመልከት የለ፣ ከሰው ጋር ማውራት የለ።

ለምን እንደዛ እንደገባት ታውቂያለሽ? ቃሉን ለሁለት ቆርጣ ፈታችው። ፑት አስቀመጠ፣ ኦፍ ጠፋ፣ መብራት ኦፍ ስልክ ኦፍ እንደምንለው፣ ስለዚህ የኔም ነገር ኦፍ ሆነ አለች። ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለት ግስና ትንሽ ቃል ተጣምረው አንድ ትርጉም ሲሰጡ፣ እንደዛ አይፈታም፣ አንድ የውጭ ሰው "እጅ ሰጠ" የሚለውን እጅ ምንድነው መስጠት ምንድነው ብሎ ለየብቻ ቢፈልገው መማረክ የሚለው ላይ መቼ ይደርሳል? እዚህ ጋ ኦፍ መራቅ ነው፣ "ኤ ሎንግ ዌይ ኦፍ" ሲሉ ገና ሩቅ ነው ማለታቸው አይደል፣ ፑት ኦፍም ቀኑን ወዲያ ገፋ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ፖስትፖን የሚለውም እኮ ከላቲን ሲመጣ ፖስት በኋላ፣ ፖኔሬ ማስቀመጥ ነው፣ ያው አንድ ሃሳብ ነው፣ ልዩነቱ ፖስትፖን ትንሽ የቢሮ ቋንቋ መሆኑ ብቻ። ሰርዘውት ቢሆን ካንስልድ ወይ ኮልድ ኦፍ ይሉ ነበር። ኮል ኦፍም ላይ ኦፍ አለ እኮ ብላ ተከራከረችኝ፣ አዎ አለ፣ ግን ትርጉሙን የሚሰጡት ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሆነው ነው፣ ኦፍን ብቻ ይዘሽ የትም አትደርሺም አልኳት።

ከሁሉም በላይ ግን ያቺ አንቲል የምትባለዋ ቃል! የተሰረዘ ነገር "እስከ" ምን ይሠራለታል? ሌላ ማስታወቂያ እስክንልክ ድረስ እያሏት ነው፣ በሩ አልተዘጋም። ይሄንን ስነግራት "አንቺ ልታጽናኚኝ ነው" ትለኛለች። እኔ ደግሞ... እውነቱን ለአንቺ ልናገር፣ ቀን አለመጻፋቸው ትንሽ ያሰጋኛል፣ ቢረሷትስ እላለሁ፣ ለሷ ግን ይሄን አልነገርኳትም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት። ቢያንስ የተጻፈው ተሰረዘ አይልም፣ እኔ እሱን ይዣለሁ።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። መልስ ልጽፍላቸው ነው ብላ ያዘጋጀችውን አሳየችኝ፣ "አይ አም ሳድ ቢኮዝ ዩ ፑት ሚ ኦፍ" ይላል። እንዴት እንደደነገጥኩ! ኢንተርቪዬን አራዘማችሁት ማለቷ ነው እኮ፣ ግን ዩ ፑት ሚ ኦፍ ሲባል አንባቢው የሚሰማው አስጠላችሁኝ፣ ወይም በሰበብ አመላለሳችሁኝ የሚለው ነው። "ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ" ሲሉ ሽታው አስጠላኝ፣ የምግብ ፍላጎቴን ዘጋው ማለታቸው ነው። እየሠራሽ አንድ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ትክ ብሎ ሲያይሽም "ዩ አር ፑቲንግ ሚ ኦፍ" ትይዋለሽ፣ ሃሳቤን በተንከው ለማለት። ሥራ ለሚሰጡሽ ሰዎች ይሄ ይላካል? ዝቅ ብሎ ደግሞ "ፑት ኦፍ ኢት" ብላለች፣ ኢት መሃል ነው የሚገባው፣ ፑት ኢት ኦፍ። ፑት ኦፍ ዘ ኢንተርቪው ወይ ፑት ዘ ኢንተርቪው ኦፍ ብትል ሁለቱም ይሄዳል፣ ኢት ሲሆን ግን ከመሃል አይወጣም። ሌላ ሥራ ማመልከቴን አቆይቼ ነበር ለማለትም "አይ ፑት ኦፍ ቱ አፕላይ" አለች፣ ፑት ኦፍ አፕላይንግ መሆን ነበረበት። አንዱን ሳርም አኮረፈች፣ እኔም ተውኩት፣ እንዳትልኪው ብቻ ብዬ ለመንኳት። እንቅልፍ ያጣሁበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ሌሊት ተነስታ ትልከዋለች እያልኩ።

አንቺ ደውይላት በናትሽ። አንቺ ያልሽውን ታምናለች፣ ከድሮም እንደዛ ናት፣ አንዳንዴ እህቷ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ እስክል ድረስ። መልሱ አጭር ይሁን፣ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፣ "ፕሊዝ ሌት ሚ ኖው ዌን ዘ ኒው ዴት ኢዝ ሴት"፣ አዲሱ ቀን ሲቆረጥ አሳውቁኝ፣ በቃ። ማዘን የለም፣ ወቀሳ የለም፣ ለቦታው አሁንም ዝግጁ ነኝ የሚል አንድ መስመር ከጨመረችበት ይበቃል። ኢሜይሉን ራሷ ታንብብልሽ፣ አንቲል ላይ ስትደርስ አስቁሚያትና ይሄስ ምን ማለት ነው በያት፣ እኔ ከምነግራት ከራሷ አፍ ቢወጣ ይሻላል።

ጠዋት አትሞክሪ፣ ስልክ አታነሳም፣ ማታ ነው ትንሽ ፈታ የምትለው። እኔ እንደነገርኩሽ ብታውቅም ግድ የለኝም፣ ብቻ ያንን ደብዳቤ ሳትልከው ድረሺላት። የአንቺንም ወሬ ጻፊልኝ፣ ረዘም አድርገሽ።

እወድሻለሁ።