ለአባዬ፦ ያኔ ያልነገርኩህ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ለሰላምታ ያህል አይደለም የምጠይቅህ። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ስትለኝ ሚጣ ከኋላህ ቆማ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻታለሁ። ማታ ብቻዋን ደወልኩላት። «ሌሊት ተቀምጦ ነው የሚያድረው» አለችኝ። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት።

በስልክ ሁሌ ትቸኩላለህ፣ ሂሳቡ አንተ ላይ የሚቆጥር ይመስል። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ። ሚጣ ታንብብልህ፤ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ሳትዘል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ትከሻዬ ደርሷል። ትንሿ ሁለት ጥርስ ወልቆላታል፤ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አስቸገረችኝ፣ አንተ በስልክ ያስተማርካትን ይዛ። በዝናብ ወጥተን ወረወርን። አንዱ ቀረ፣ አንዱ ተንሸራቶ ተመለሰ። እንደምታውቀው የእኛ ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም። ሊቨርፑል ውስጥ እንደኛ ያሉት የድሮ ቤቶች የሚከደኑት በድንጋይ ነው፤ ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ። ጥርሱን ፍለጋ ቀና ብዬ ሳይ ያ መንደር ትዝ አለኝ። ከመንደሩ ጋር ደግሞ የአንተ ሳል መጣብኝ።

ላንቤሪስን ታስታውሳለህ፤ በፈረንጆቹ 2024 ክረምት ከልጆቹ ጋር የሄድንበት፣ ዌልስ ያለው። የባቡሩንና የሐይቁን ፎቶ ልኬልህ ነበር። ባቡሩ ተራራ የሚወጣ ነው፣ ከ1896 ጀምሮ ያለ። በሁለቱ ሐዲድ መሃል ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል፤ ባቡሩ ያንን በማርሽ እየነከሰ ነው የሚወጣው። ተራራውን እንግሊዞቹ ስኖውደን ይሉታል፣ የአገሩ ሰው ግን ኧር ዊዝቫ ነው የሚለው። ከፍታው 1,085 ሜትር ነው ስልህ «ይሄ ነው ተራራው?» አልከኝ። እውነትህን ነው፣ የእኛ ሰፈር ራሱ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ግን ጉም ሲወርድበት ብታየው፣ አባዬ፣ እንጦጦ በሐምሌ ነው የሚመስለው።

የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንብም አለ፣ ዶልባደርን የሚባል። የአካባቢው ልዑል የገዛ ወንድሙን ከሃያ ዓመት በላይ አስሮ ያስቀመጠው እዚያ ነው ይባላል። የጋሼን ነገር አላነሳም፣ ተስማምተናል።

ያልነገርኩህ ሌላውን ነው። ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ግማሹ የለም። ሰው ነው የበላው። ከታች እስከ ላይ በደረጃ በደረጃ ተቆርጧል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሕንፃ ቁመት አለው፣ ከሥሩ ፍርስራሹ እንደ ተራራ ተቆልሏል። ዲኖርዊክ ይባላል። የድንጋይ ካባ ነው፣ አባዬ። ከ1787 እስከ 1969 የተሠራበት ካባ፤ ደህና በነበረበት ዘመን ከ3,000 በላይ ሰው ውሎበታል። ልጆቹ ሐይቁ ዳር በምትሄደው ትንሿ የእንፋሎት ባቡር ሲጫወቱ እኔ ዓይኔን ከዚያ ተራራ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? እሱ አንተ ድንጋይ የጠረብክበትን አምቦን አያውቀውም።

ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ከሩቅ፣ አንግልሲ ከምትባል ደሴት ነበር የሚመጡት። ሳምንቱን እዚያው ካባው ውስጥ በድንጋይ በተሠሩ ጠባብ ክፍሎች ያድራሉ፣ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ክፍሎቹ ዛሬም ቆመዋል፣ ጣሪያቸው ግን የለም። ሃያ ሁለት ናቸው፣ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት። አንዱ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። እኔ አንተን የማውቅህ ቅዳሜ ማታ ነው። እማዬ ውኃ ታሞቃለች፣ አንተ ደጅ ላይ ጫማህን አውልቀህ ታራግፋለህ፣ ቅንድብህ ነጭ ነው። «አትንኩኝ፣ ልታጠብ» ትላለህ። ሰኞ ስንነሳ የለህም። ሳምንቱን የት እንደምታድር አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ዝናብ ሲሆንስ? ማን ነበር የሚያበስልላችሁ?

ከካባው ሥር የነበረው የጥገና ቦታ ሙዚየም ሆኗል። በመጨረሻው ጊዜ ደርሰናል፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለትልቅ እድሳት ተዘጋ። ውስጡ ወደ 15 ሜትር የሚሆን የውኃ ጎማ አለ፣ በ1870 የተሠራ፣ እስካሁን የሚዞር። ትልቁ ልጅ ከዚያ ላይ ተነቅሎ አልሄድም አለ። እኔን የያዘኝ ግን ድንጋይ የሚሰነጥቀው ሰውዬ ነው። ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አስደግፎታል። ሰፊና ቀጭን መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ በቃ። ጠርዙን ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርገው ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ተከፈተ። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት። ለየመጠኑም በወይዛዝርት ማዕረግ ስም አውጥተውለታል፤ አንዷ «ደቼስ»፣ ከእሷ የምታንሰው «ካውንቴስ»፣ ከሁለቱም የምታንሰው «ሌዲ»። ከመምታቱ በፊት በጣቱ አንኳኳው፣ አዳመጠ። አንተ የምታደርጋትን! ደህናው ድንጋይ እንደ ደወል ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ድፍን ይላል ብለህ ያስተማርከኝን ሰውዬው በዌልስኛ ለራሱ እያጉረመረመ አደረጋት። ዕንባዬ መጣ፣ ለልጆቹ አቧራ ነው አልኳቸው።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር መጣሁ።

ትልቁ ልጅ የውኃ ጎማውን በወረቀት ሥሎ ነበርና ለሰውዬው ዘረጋለት። ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ መዳፉንም ጀርባውንም። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለና ረጅም ጊዜ አየው።

አባዬ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ይዤ አምቦ ድረስ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ለእማዬ እንኳ ሳልነግር ነው የመጣሁት፤ መጀመሪያ አንተ እንድታየው። በአውቶቡስ ለብቻዬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱ እንዳይታጠፍ ደብተር ውስጥ አድርጌ፣ ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤ። ከመንገዱ በእግሬ ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። ሰዎቹ «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ አንተ ቀና አልክ። ወረቀቱን ዘረጋሁልህ። «እጄ አቧራ ነው» አልከኝ። ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» አልክ። እና ወደ ድንጋይህ ተመለስክ። ያነበበው ሌላ ሰው ነው፤ ጮክ ብሎ ለሁሉም። እነሱ አጨበጨቡልኝ። አንተ ድንጋይህን ትመታለህ። የማታው አውቶቡስ እስኪመጣ አንድ ጥርብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጀርባህን ሳይ ዋልኩ።

ይህንን ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። እዚህ አገር ስመጣም ይዤው ነው የመጣሁት። አሁን ልጆች ወልጄ፣ ደክሜ ስመጣ ምን እንደሚሆን አይቼ፣ ብዙ ነገር ይገባኛል። ምናልባት አለቃው እያየህ ነበር። የሚከፈልህም በሜትር ነው፣ የቆምክባት ደቂቃ ካንተ ላይ ነው የምትቀነሰው። ፊደሉ ያስቸግርህ እንደነበር ደግሞ ያወቅኩት በኋላ ነው። አቧራውም እውነት ነበር። ግን መጥረግ ይቻል ነበር፣ አባዬ። ሱሪህ ላይ መጥረግ ይቻል ነበር።

ጻፍኩት። እንዳትታመምብኝ ብዬ ልሰርዘው ነበር፣ ግን ሌላ ጊዜ መኖሩን አላውቅም።

ላስጨርስህ። ሙዚየሙ ውስጥ የሠራተኛ ቤቶችም አሉ፣ ከሌላ ቦታ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅለው የመጡ። አንዱ በ1861 እንደነበረው ነው፣ አንዱ በ1901፣ ጎረቤት መንደር ሦስት ዓመት የፈጀ አድማ ላይ በነበረ ጊዜ። ያኔ ሰው መስኮቱ ላይ «በዚህ ቤት ከዳተኛ የለም» ብሎ ይለጥፍ ነበር። ሦስተኛው በ1969፣ ካባው የተዘጋ ጊዜ፣ በእኛ 1961 መሆኑ ነው። እማዬ ብታየው ዕቃው ሁሉ የሚታወቃት ይመስለኛል።

ከሙዚየሙ ወጣ ብሎ ሆስፒታል አለ፣ ካባው ለሠራተኞቹ የሠራው። ፎቶ ያላነሳሁት እዚያ ነው። አልጋዎቹ ተነጥፈው፣ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ፣ የሐኪሙ ዕቃ። ጎን ላይ ደግሞ የሬሳ ክፍል። ሠራተኞቹ በዕረፍታቸው የሚሰበሰቡበት ጎጆ ነበራቸው፣ ስሙ «ካባን» ነው፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ግጥም ይወዳደራሉ። ሲያስሉ ታዲያ አንዳንድ የካባ ሐኪሞች ጥፋቱን በሻይዋ አሳበቡ። ምድጃ ላይ ተጥዳ ስለምትውል ነው የሚያማችሁ አሏቸው። አቧራው አይጎዳም ያለም ነበር። ሰዎቹ አቧራውን በሳንባቸው ይዘው አረጁ። ካሳ የሚያሰጣቸው ሕግ የወጣው በ1979 ነው። ዲኖርዊክ ከተዘጋ አሥር ዓመት አልፎ፣ ብዙው ከሞተ በኋላ። በ2021 ደግሞ አካባቢው ከነፍርስራሹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። ደስ ይላል። ግን እኔ አልጋውን ነው ያየሁት።

እነሱ ሻይ ነው ተባሉ፤ አንተ ደግሞ «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለህ። ሐኪም ቤት ሄደህ ሽሮፕ ተሰጥቶህ መጣህ። ምን ስትሠራ እንደኖርክ የጠየቀህ አለ? 31 ዓመት ያንን ድንጋይ ስትጠርብ አፍህን በምን ሸፍነህ ታውቃለህ? በእማዬ ነጠላ ቁራጭ፣ እሱም ሲሞቅ ትጥለዋለህ። እኔ የምሠራው የአረጋውያን ቤት ነው፣ ታውቃለህ። የሰው አባት አጥባለሁ፣ የሰው አባት ትራስ ከፍ አደርጋለሁ። ተቀምጦ የሚያድር ሰው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በስልክ ደረትህ ሲያፏጭም ይሰማኛል፤ አንተ ቴሌቪዥን ነው ትላለህ።

ያ አቧራ የጎዳውን ሳንባ የሚመልስ መድኃኒት የለም፣ አልዋሽህም። ግን ለቲቢ ያጋልጣል፣ ቲቢ ደግሞ ይታከማል። ትንፋሹንም ማገዝ ይቻላል። ከሰሉን ከመኝታ ቤት አስወጡት፣ እማዬ ብርድ ነው ብትልም አስወጡት። ለብርዱ ወፍራም ብርድ ልብስ በሰው እልካለሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬህ ነበር። ፈቃድ አላገኘሁም። ሰኔ ላይ ነው የምመጣው፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ጠብቀኝ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ ጠብቀኝ ብቻ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በአገጭህ አንድ ሕንፃ አሳይተኸኝ «ያ ፊቱ የኔ ነው» ያልከኝን ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ሰኔ ላይ እንድታሳያቸው ይፈልጋሉ። ያ ወረቀት ደግሞ አሁንም እማዬ ሻንጣ ውስጥ፣ ከክርስትና ፎቶዬ ሥር ነው። ስመጣ አወጣዋለሁ።

ገንዘቡን ዛሬ ለሚጣ ልኬያለሁ፣ ለሌላ ነገር እንዳታውሉት፣ ለቆርቆሮውም ቢሆን። ሰኞ ጠዋት ራይድ ትጥራልህ፣ በታክሲ እንዳትጋፋ። የደረት ኤክስሬይ ትነሳለህ፣ አክታም ትሰጣለህ። ሐኪሙን ደግሞ ባይጠይቅህም «31 ዓመት ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ» በለው። ሚጣ ኤክስሬዩን ብርሃን ላይ ይዛ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

ልጅህ