ልጄ አላቋረጠችም፦ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ልጄን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥቼ ቤት ማስተማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። መልቀቂያዋን ልወስድ የሄድኩ ዕለት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስሟን ፈልጋ አገኘችና ወዴት እንደምትዛወር ጠየቀችኝ። «ቤት ነው የምትማረው» አልኳት። ቅጹን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ጥቂት አሰበችና «አቋርጣለች» ብላ ጻፈች። በእሷ አልፈርድም፤ ቅጹ የሚያውቀው የተዛወረና ያቋረጠ ብቻ ነው። የምጽፍልዎ ስለዚች አንዲት ቃል ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊደል ይምታታባታል፤ ታነባለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው። ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ከፊቷ ያሉትን ልጆች ቆጥራ፣ የሚደርሳትን አንቀጽ ለይታ፣ ተራዋ እስኪደርስ በቃሏ ትይዘው ነበር። ይህን የነገረችኝ ከወጣች በኋላ ነው። ሌሎቹ የሚያነቡትን አትሰማውም ነበር ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ የምትለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መምህሯ ቅንና ትጉህ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዘው ለአንዲት ልጅ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ከየት ያመጣሉ? እኔ ሃያ ደቂቃ አላጣም።

ሽግግሩ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ልጄ በገዛ ቤቷ እጇን አውጥታ «ውሃ ልጠጣ?» ብላ ታስፈቅደኝ ጀመር። ሰሌዳውን ያነሳሁት ያን ዕለት ነው። በዚህ መንገድ ያለፉ ወላጆች ልጁ ትምህርት ቤት ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር ያህል የማረፊያ ጊዜ ስጡት ይላሉ። ልማድ እንጂ ደንብ አይደለም፤ ቢሆንም በእኛ ቤት እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፈተናም ልምምድም ትተን እኔ እያነበብኩ እሷ በጣቷ እየተከተለች ብቻ ከረምን። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጣቷ ቆመና «እማዬ፣ መስመር ዘለልሽ» አለችኝ። እውነትም ዘልዬ ነበር።

ያልተፈታልኝ የጓደኞቿ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ የዕረፍት ደወሉ ሲደወል ሥራዋን አቁማ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ይህን ሃያ ደቂቃ አይሞላውም።

ሕጉን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 26 ወላጆች ለልጆቻቸው የትምህርቱን ዓይነት የመምረጥ ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አገሮች ግን በአንድ መንገድ አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእንግሊዝ የትምህርት ሕግ ልጁ ትምህርት ቤት በመገኘት «ወይም በሌላ መንገድ» እንዲማር ይፈቅዳል፤ ጀርመን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አትፈቅድም፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አስቀድሞ ፈቃድ ትጠይቃለች። እኔ የምጠይቅዎ ከእነዚህ አንዱን እንዲመርጡልኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 መንግሥታት የሚያቋርጡ ልጆችን ቁጥር እንዲቀንሱ ያዛል። የምትማርን ልጅ ካቋረጡት ጋር የሚደምር መዝገብ ለዚህም ሥራ አይረዳም፤ በእርግጥ ያቋረጡትን የሚፈልግ ሰው የእኔን በር እያንኳኳ ጊዜውን ይጨርሳል።

ሥጋትዎ ይገባኛል። ከቤተሰብ ውጭ የልጅን ፊት በየቀኑ የሚያየው መምህር ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጎዳ ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው ክፍል ውስጥ ነው። ቤት ማስተማርን መደበቂያ የሚያደርግ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ይቅር አልልም፤ ባለሙያ ይምጣ፣ ልጄንም ለብቻዋ ያነጋግራት። ከዓይን የምትሰወረው እኮ «አቋርጣለች» ተብላ ፋይሏ የተዘጋባት ልጅ ናት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በቅጹ ላይ «በቤት የሚማር» የሚል መስመር ይጨመር። ልጅ ሲወጣ ርክክብ ይኑር። ከመልቀቂያ ቅጹ ሌላ እኔ ይዤ የወጣሁት የውጤት ካርድ ብቻ ነው፤ በንባብ 48 ማግኘቷን ይነግረኛል እንጂ የቱ ፊደል ላይ እንደምትሰናከል አይነግረኝም። ከመምህሯ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ፣ ደብተሮቿን አብረን አገላብጠን ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ያህል ፍለጋ ይቀርልኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጉብኝት ይኑርባቸው፣ ፈተና ግን አይኑርባቸው። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱ በሳምንት አንድ ቀን ለስፖርትና ለቤተ መጻሕፍት ክፍለ ጊዜ ትገኝ፤ የዕረፍት ደወሉንም ከጓደኞቿ ጋር ትስማው። መመለስ የፈለገች ቀን ደግሞ ያለችበት ደረጃ ተመዝኖ ትግባ እንጂ ካቆመችበት ክፍል ጀምሪ አትባል።

ቅጹን ቤት ይዤው በመጣሁ ማታ ልጄ አንስታ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። አ፣ ቋ፣ ር፣ ጣ፣ ለ፣ ች። ከዚያ ቀና ብላ «ምኑን ነው ያቋረጥኩት?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ቅጹ የሚታረምበትን ቀን ቢያሳውቁኝ ይዣት እመጣለሁ፤ አዲሱን መስመር ራሷ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ቤት የምትማር የአንዲት ልጅ እናት