የክበባት ዘገባ፦ የግማሽ ቀን ክበብ

የተፈጥሮ ጉዞ ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በትልቅ ዕቅድ ነው። ሰሜን ተራሮች፣ ጮቄ፣ ላሊበላ። መስከረም መጨረሻ ላይ ዕቅዱን ሰሌዳ ላይ ጻፍን፤ ከጎኑ የአውቶቡስ ኪራዩን ደመርን። ከዚያ ሰሌዳውን አጠፋን።

ባዶው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሌላ ነገር ጠየቅሁ። "ጣና ላይ በጀልባ የሄደ እጁን ያውጣ።" ክፍሉ ውስጥ 31 ልጆች ነበሩ። የወጣው እጅ 9 ነው። ከዘጠኙ ሁለቱ ቅርብ ካለችው ከደብረ ማርያም ደሴት አልፈው አያውቁም። አንደኛዋ እንዲያውም "ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርሁት ቲቸር" አለች። እዚሁ ባሕር ዳር ተወልደው፣ ሐይቁን በየቀኑ ከባጃጅ ላይ እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው። እኔም የምፈርድበት አፍ የለኝም። ዘጌን መጀመሪያ የረገጥሁት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ "አሳየኝ" ብሎ ስለወተወተኝ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ተቀየረ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን፣ ቅርብ ቦታ። ለወላጆች የፈቃድ ወረቀት ላክን። ግማሹ ሳይፈረም ተመለሰ። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "ልጄ ዋና አትችልም። እርስዎ ይችላሉ?" አሉኝ። አልችልም። "እንግዲያው እርስዎም ይምጡና አብረን እንፍራ" አልኋቸው። ሳቁ፤ ፈረሙ፤ መጡም። ከዚያ በኋላ ደንብ ሆነ። አንድ ልጅ አንድ የቤት ሰው ይዞ መምጣት ይችላል። ታላቅ እህት፣ አጎት፣ አያት፣ ማንም ይሁን። "የተማሪ ክበብ መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ማኅበር ሆነ" ብለው የሚያሙን መምህራን አሉ። ሐሜቱ እውነት ነው።

ሌላው ደንብ ስለ ምግብ ነው። ይህን ያወጣሁት እኔ ሳልሆን እናቶች ናቸው። ሥጋ አይመጣም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሳህን እንዲበላ ሁሉም የጾም ምግብ ይዞ ይመጣል። ሽሮ ፍርፍር፣ ድንች፣ ሱፍ ፍትፍት። በሁዳዴ ጾም ግን ክርክር ተነሣ። ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? አንዱ አጎት ይበላል አሉ፤ አንዲት አያት በፍጹም አሉ። ዳኝነቱን ለእኔ ሊሰጡኝ ሲሉ ባዮሎጂ እንጂ ሃይማኖት እንደማላስተምር ነግሬያቸው አመለጥሁ።

የመጀመሪያው ጉዞ በጥቅምት ጢስ አባይ ነበር። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴውን ማየት የሚፈልግ ክረምቱ እንደወጣ ይሂድ። በበጋ ከሄደ ይከፋዋል፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ገደሉ ራቁቱን ይቀራል። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙው የሐይቁ ውኃ ተራራውን በዋሻ አቋርጦ ወደ በለስ ወንዝ ነው የሚሄደው። እኛ ስንደርስ ግን አባይ ሞልቶ ነበር። ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ሲቀርቡት ያረጥባል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የአላታ ድልድይ ተሻገርን። የተንጠለጠለው ድልድይ ላይ ስንደርስ ግን እኚያ ዋና የጠየቁኝ እናት ቆሙ። "እኔ ነጠላ ጠባቂ ነኝ፤ እናንተ ሂዱ" ብለው የሁላችንንም ቦርሳ ታቅፈው ቀሩ።

የኅዳሩን በእግር ሄድን። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ዳር ይዘን ጉማሬ ፍለጋ። ሁለት ሰዓት ጠብቀን ሁለት ጆሮ አየን። ደስታው ግን የአንበሳ መንጋ ያየን ያስመስል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ዘጌ። ስለዚህኛው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ከወደቡ የተነሣነው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጣናን የሚያውቅ ሰው ጠዋት ይሄዳል። ጠዋት ሐይቁ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበል ያመጣል። ሁሉም ላይፍ ጃኬት አጥልቋል። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ጀልባ ነጂው ገመዱን ሳበ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ነዳጅ አልቋል። የጀልባው ባለቤት የተቀበለን የሙሉ ታንክ ሂሳብ፣ የሞላልን ግን የግማሽ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ሌላ ጀልባ ነዳጅ እስኪያመጣ ሐይቅ መሃል ቆምን። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በቀጭን ድምፅ "ጥልቀቱ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ጀልባ ነጂው ወደ ውኃው አየት አድርጎ "ይሄማ መጨረሻ የለውም" አለ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ያኔ መምህርነቴ ትዝ አለኝ። "ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው እንጂ ጥልቁ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው" አልሁ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። የተጽናና የለም፤ ቅር ያላቸው ይመስላሉ። ለካ መጨረሻ የሌለው ሐይቅ ላይ ቆሞ መፍራት ክብር ኖሮታል። ዋና የማይችሉት እናት ከቦርሳቸው አንድ ፌስታል ቆሎ አወጡና አስተላለፉ። ቆሎው እስኪያልቅ ነዳጁ ደረሰ።

ዘጌ ስንወርድ መጀመሪያ የተሰማን ቅዝቃዜው ነው። ፀሐይ የለም። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ፣ ቡናው ከሥራቸው። ከወደቡ ወደ ላይ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ልጆቹ ሳይታዘዙ ድምፃቸውን ቀነሱ። ክፍል ውስጥ ይህን ለማድረግ ዱስተር መደብደብ አለብኝ። ዘጌ ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ከብት ማርባትም የለም። በአፈ ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ያስቀሩት፤ ቡናውና ገሾውም ከእሳቸው በትር የበቀለ ነው ይባላል። አፈ ታሪኩን ያመነም ያላመነም ውጤቱን ያያል። ዙሪያው ሁሉ ሲራቆት ዘጌ ጫካ ሆና ቀርታለች። ሥነ ምህዳር የሚለውን ምዕራፍ ለሦስት ሳምንት ሳስተምር ያልገባት አንዲት ልጅ እዚያ ቆማ "ታዲያ በሬው ነው ዛፉን የሚበላው?" አለችኝ። በሬውም ማረሻውም። ገባት።

ወቅቱ የለቀማ ነበር። ቀዩን የቡና ፍሬ አንዱ ልጅ ቆረጠና አፉ ከተተው። "ይጣፍጣል!" አለ። እውነቱን ነው፤ ልጣጩ ሥር ያለው ስስ ሥጋ ስኳር ይላል። ሁሉም ካልቀመስን አሉ። የጫካው ባለቤት ከሩቅ አዩንና "ቀስ! ቡናውን ጨርሳችሁ ጀበናውን ምን ልትሉት ነው?" ብለው ጮሁ። ከዚያ ራሳቸው አንድ እፍኝ አመጡልን።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ጫማ አውልቀን ገባን። ቤቱ ክብ ነው። መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ሰቅለው ቀሩ። አብረውን የመጡት አንድ ሙስሊም አባት ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ስንወጣ ከቡና ሻጯ ጋር ዋጋ እየተከራከሩ አገኘናቸው። ክርክሩ የጀመረው እኛ ስንገባ ነው አሉ። በመጨረሻ ሁለት ኪሎ ገዙ። ሻጯ ግማሽ ጣሳ መረቀችላቸው። ስንመለስ ጀልባው ውስጥ ለሴት ልጃቸው "እኔ እዚህ የመጣሁት ያንቺን ዕድሜ ሳለሁ፣ እንጨት በጫነ ታንኳ ከአባቴ ጋር ነው" ሲሏት ሰማሁ። ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ታንኳን የየካቲት ጉዞ ያደረግነው በዚያ ወሬ ነው።

ጥር በፈተና አለፈ።

በየካቲት ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ሄድን። ታንኳ በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች የቆየ ሙያ ነው፤ እሳቸውም ከአባታቸው ነው የተማሩት። ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ሣር፣ ደንገልን፣ አድርቀው ሥሩን ከሥር፣ ጫፉን ከጫፍ አድርገው እቅፍ እቅፍ ያስቀምጣሉ። ከዚያ እግራቸውን ደንገሉ ላይ ተክለው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይስባሉ። ሲስቡት ደንገሉ ሲጥ ይላል። ከሲጥታው መጥበቁን ያውቁታል፤ በዓይን አያዩትም። አንድ የ11ኛ ክፍል ጎረምሳ፣ የትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን በረኛ፣ "እኔ ልሳብ" አለ። ሳበ። አባት ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና "ይሄ ይሰምጣል" አሉ። በሳቅ ሞትን።

ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳው ከሐይቅ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀ ይከብዳል፤ ቢንከባከቡትም ከጊዜ በኋላ መበስበሱ አይቀርም፤ ሌላ ይሠራል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተገረሙ። "ታዲያ ለምን በጣውላ አይሠሩትም?" አለ አንዱ። "ጣውላ ይገዛል፤ ደንገል ይበቅላል" አሉት። እሱንም ግን እንደ ድሮው ቅርብ አያገኙትም፤ ዳሩ እየታረሰና እየተገነባበት ራቅ ብለው ነው የሚያጭዱት። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ከደንገሉ ጋር ነው።

ስንመለስ ዳሩ ላይ ውኃ የገፋው አንድ እፍኝ እምቦጭ አገኘን። ሐምራዊ አበባው ያምራል። አንዲት ልጅ ደስ ብሏት "ቤት በጣሳ ልተክለው" ብላ አነሣችው። ጮህሁ መሰለኝ፤ ደነገጠች። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም መሆኑን፣ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ እንደሚሆን፣ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ገበሬው አንገቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ እንደሚነቅለው ነገርኋት። አበባውን አየችው፤ እኔን አየች። "አያስታውቅም" አለች። ደረቅ መሬት ላይ፣ ከውኃው ርቆ፣ ሥሩን ወደ ላይ ገልብጣ አሰጣችው። እስክንሄድ ድረስ ሦስቴ እየተመለሰች መሞቱን ታረጋግጥ ነበር።

የሚያዝያው የቤዛዊት ጉዞ ከሸፈ። ኮረብታው ላይ ወጥተን አባይን ቁልቁል እያየን ወፍ ልንመዘግብ ነበር። ከፔሊካንና ከዓሣ ንስር አልፈን ሦስተኛውን ስም ሳንጽፍ ዝናብ መጣ። ደብተሩ ረጠበ፤ ቀለሙ ተደባለቀ። የወፍ መዝገባችን ይኸው ሁለት ወፍ ነው። ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍሎች ለማትሪክ ቀሩ፤ የጀልባ ዋጋም ጨመረ። የመጨረሻውን ቅዳሜ ያሳለፍነው እዚሁ ሐይቅ ዳር ዋርካ ሥር ቡና አፍልተን ነው። ቡናው ሙስሊሙ አባት ከዘጌ የገዙት ነው። ያፈሉት ዋና የማይችሉት እናት ናቸው። ሦስተኛው እስኪፈላ ድረስ ስለ ጥልቀት ሲከራከሩ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚመዘገቡ ልጆች ብዙ ናቸው ተብያለሁ። ልጆቹን እንቀበላለን፤ አያቶችን ግን በተራ ነው፤ ጀልባው አይችልም። በየካቲት ልጆቹ የሠሯት የክንድ ርዝመት ያላት ታንኳ ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ናት። በረኛው የሳበው በኩል አዘንብላለች። ክረምቱን ቁልፉን የሚይዝ መምህር ፀሐይ በወጣ ቁጥር ደጅ ያውጣልን።