ሰኔ እስኪያልፍ አትጠብቂ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ፋይናንስ ክፍል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን «ሒሳቡ ይዘጋና ስፖርት እጀምራለሁ» እንዳትዪኝ፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ኦዲተሮቹ ይመጣሉ። ትርፍ ሰዓት አይገኝም፤ እንቅስቃሴውን ካለሽ ውሎ ውስጥ ሸጉጪው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስት የሥራ ቀን ሲካፈል 30 ደቂቃ ነው። ጠዋት ከታክሲ ቀድመሽ ወርደሽ 15 ደቂቃ፣ ማታም እንዲሁ ተራመጂ፤ ማውራት የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ፍጥነት ይሁን። ታኮ ጫማሽን ቢሮ ተይውና በስኒከር ተመላለሺ። ጂም ተመዝግቦ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት መታገል ሰውነትን አሳምሞ ያስቀራል፣ ገንዘቡም ይቀልጣል።

በሳምንት ሁለት ቀን ለጡንቻ ስጪ። እጅሽን ሳትደገፊ ከወንበር 10 ጊዜ ተነሺ፣ ተቀመጪ፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ 10 ፑሽአፕ። ሦስት ዙር ይበቃል። ስትቀመጪ ዘፍ አትበይ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ጭኑን ይበልጥ የሚያሠራው አወራረዱ ነው።

ያ የአንገትሽ ሕመም ከላፕቶፑ ይመስለኛል። ስክሪኑ ዝቅ ስለሚል ቀኑን ሙሉ አቀርቅረሽ ትውያለሽ። የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይንሽ ትክክል እስኪሆን ሥሩ ቦክስ ፋይል ደርድሪ። ነገር ግን ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ከሌለሽ ይህን አታድርጊ፤ እጅሽ ወደ ላይ ይንጠለጠልና ሕመሙ ወደ ትከሻሽ ይዞራል። ወንበሩ ከፍ ብሎ እግርሽ ወለል ካልነካ አንድ ደስጣ ወረቀት ከእግርሽ ሥር አድርጊ። እንዲህም አስተካክለሽ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፤ ለዚህ ትልቅ የውኃ ኮዳ ከጠረጴዛሽ አጠገብ ከማስቀመጥ በትንሽ ብርጭቆ እየተመላለሱ መቅዳት ይሻላል።

የማኪያቶው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን አራት ማኪያቶ በሁለት ሁለት ማንኪያ ብትጠጪ 32 ግራም ይሆናል፤ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ቡናውን ከምሳ ጋር አታያይዢው፤ ከምስሩና ከጎመኑ የምታገኚውን ብረት ሰውነትሽ በደንብ እንዳይወስድ ያግደዋል። አንድ ሰዓት አቆይተሽ ጠጪ፤ በምስሩ ላይ ሎሚ ብትጨምቂበት ደግሞ ብረቱ በደንብ ይገባል። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ቡና ይቅርብሽ፤ የካፌይኑ ግማሽ ማታ 2 ሰዓት ገደማም ከደምሽ አይወጣም፤ እንቅልፍሽን ይነካል።

ጾሙን ጹሚ፣ እኔ አልከለክልሽም። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት አትዝለዪ። ድካሙ ካልለቀቀሽ ደምሽን ተመርመሪ፤ የብረት ወይም የቢ12 ማነስ ሊሆን ይችላል።

የደም ግፊትሽንም በዓመት አንዴ ተለኪ። ከመለካትሽ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጪ፣ ሽንትሽን ሸንተሽ ግቢ፤ ጀርባሽን ተደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ክንድሽም ከልብሽ ትክክል ይረፍ። ደረጃ በሩጫ ወጥታ ወዲያው የተለካች ሰው ቁጥሯ ከፍ ብሎ ያስደነግጣታል። በትክክል ተለክተሽም 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን አስደግሚና ሐኪም አማክሪ።

እናትሽ