ሐዋሳ ላይ እንድንገናኝ አግዙን፦ ለበጎ ፈቃደኛ ክበባት ጉባኤ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

እንዴት ናችሁ ወገኖቻችን? በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንግባ። ከሲዳማ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከማዕከላዊ ኢትዮጵያና ከደቡብ ምዕራብ ክልሎች የተውጣጡ የበጎ ፈቃደኛ ክበባት ተወካዮች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሐዋሳ ላይ ለሦስት ቀን ሊሰበሰቡ አስበዋል። ፍላጎቱ አለ፤ ጉልበቱም አለ። የጎደለን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ማደሪያና ምግብ ነው። ለዚህ ነው እናንተ ዘንድ የመጣነው።

"ለስብሰባ ነው እንዴ ገንዘብ የምትጠይቁት?" የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እውነቱን ነው። በአበል፣ በባነርና በሆቴል አዳራሽ ስንት ገንዘብ እንደሚያልቅ ሁላችንም አይተናል። ያንኑ ገንዘብ ለአንዲት አሮጊት ቤት ቆርቆሮ ብትገዙበት አይሻልም ወይ ብሎ መጠየቅ የደግ ሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለምን በአካል መገናኘት እንዳስፈለገን በደንብ እናስረዳ።

ከቤት እድሳቱ እንጀምር። በየክረምቱ ክበቦቻችን በብዛት የሚሠሩት እሱን ነው። ቤት ሲታደስ ሁሉም ሰው የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። አዲስ ቆርቆሮ ያበራል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ቤቱን የሚያቆመው ግን መሬት ውስጥ የተቀበረው ቋሚ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ምስጥ አለ። ባሕር ዛፉን ከሥር ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ከውጭ ሲያዩት ደህና እንጨት ይመስላል፤ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ግን ጣት ይገባል። እንዲህ ባለ ቋሚ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ገንዘብ መድፋት ነው። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ይዘማል፣ አሮጊቷም ተመልሰው እዚያው ናቸው።

ከክበቦቻችን አንዱ ለዚህ መላ ያገኘው ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። አናጢው ልጆቹን መጀመሪያ ልጡን አስላጧቸው። ቀጥሎ እንጨቱ ጥላ ሥር እንዲደርቅ አደረጉ። ከዚያ መሬት የሚገባውን ጫፍ፣ ከመሬት በላይ ያለውንም አንድ ክንድ ያህል፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ደጋግመው አስቀቡት። ዘይቱ የተገኘው ከሰፈር ጋራዥ በነፃ ነው። ጉድጓዱ ሥር ውሃ እንዳይቋጥር ጠጠር አስገቡበት። ይኸው ነው። ያ ክበብ ከዚያ ወዲህ ቋሚውን ሳይመረምር ጣሪያ አይነካም።

ሌላ ከተማ ያለ ክበብ ይህንን አያውቅም። እሱ ደግሞ የምርጊት ነገር የገባው ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ለቀናት ያሳድሩታል፤ በየቀኑ ውሃ እየጨመሩ በእግራቸው ይረግጡታል። ሽታው ሲለወጥ ደርሷል ማለት ነው። እንደዚያ ቦክቶ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ቶሎ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ክበብ ልጆች ይህን ቢያውቁ ግድግዳቸውን በየዓመቱ ደግመው ባልመረጉ ነበር። አንዱ ያለው ሌላው ጋ የለም። ይህ ዓይነቱ እውቀት ደግሞ በቴሌግራም መልእክት አይተላለፍም። አጠገብ ቆሞ ጭቃውን በእግር መርገጥ፣ ቋሚውን በጣት መጫን ያስፈልጋል።

ድሮ ይህ ችግር እንዲህ አልከበደም ነበር። ሁላችንም በአንድ ክልል ሥር ስለነበርን የወጣት ቢሮው ለሥልጠና ሲጠራን ሐዋሳ ላይ እንገናኝ ነበር። በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 መጨረሻ ላይ የቀረው ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በአደረጃጀቱ ላይ የምንለው ነገር የለም፤ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ለክበቦች ግን አንድ ነገር ቀረብን። ቢሮዎቹ ከቦንጋ እስከ ሆሳዕና፣ ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ሲከፋፈሉ ሁላችንንም በአንድ ቀን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ይርጋዓለምና ዲላ ጎረቤት ናቸው። ዛሬ ግን አንዱ ያለው በአንድ ክልል፣ ሌላው በሌላ ክልል ነው። የሁለቱ ከተማ በጎ ፈቃደኞች በመንገድ ሲያልፉ ካልሆነ አይተያዩም።

አለመገናኘታችን ከቤት እድሳቱ ይልቅ የሚጎዳው የደም ልገሳውን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን፣ ነገሩ የቀን ቆጠራ ጉዳይ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። የተለገሰው ደም ግን ለዘላለም አይቀመጥም። በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ለ35 ቀን ገደማ ነው። ፕላትሌት የሚባለው ክፍሉ እንዲያውም ከ5 ቀን አያልፍም።

አሁን ክበቦቻችንን ተመልከቱ። ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ሁሉም ክበብ በዚያ ሰሞን ይሰለፋል። ደስ ይላል። ግን ከሰኔ 7 ጀምራችሁ 35 ቀን ቁጠሩ። ሐምሌ 12 ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላስ? ዋናው ደም ለጋሽ ተማሪው ነው፤ ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ተዘግቶ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ብዙ ሰው በጾም ደም መስጠት ይከብደዋል። ምጥ ግን ዩኒቨርሲቲ እስኪከፈት አይጠብቅም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት የሚያስፈልጋት በዚያው ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያለ ደም ነው። ከዚያ በኋላ የሚሮጠው ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ክበቦቹ ተቀምጠው ወራቱን መከፋፈል ብቻ ነው። ሰኔን እናንተ ያዙ፣ ሐምሌ መጨረሻን እኛ፣ ነሐሴን ደግሞ በከተማው የሚቀሩ ነጋዴዎችና የባጃጅ ሹፌሮች ያሏችሁ ክበቦች። ከደም ባንክ የሚመጣ ባለሙያም አብሮ ቢቀመጥ የትኛው ወር ላይ እጥረቱ እንደሚብስ ይነግረናል። ይህን የጊዜ ሰሌዳ ጽፈን ሳንፈራረም ከሐዋሳ አንወጣም። ለእኛ ጉባኤው ሌላ ምንም ባያፈራ ይህ ብቻውን በቂ ነው።

ሌላው ምክንያታችን ከባድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩት አልነበሩም። ጎረቤት ተቀበረ ሲባል በአካፋና በባዶ እጃቸው ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ መሬቱ ደግሞ ተንዶ በላያቸው መጣ። ያንን ዜና ስንሰማ ከመካከላችን "እዚያ ብሆን እኔም እሮጥ ነበር" ያላለ አልነበረም። በጎ ፈቃደኛ ማለት የሚሮጥ ሰው ነው።

ስለዚህ እንዴት እንደሚሮጥ መማር አለበት። ዝናቡ ሳያቆም አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ዳግም ሊናድ ይችላል። ከላይ ያለውን ስንጥቅ የሚጠብቅና የሚጮህ ሰው ሳያቆሙ ቁፋሮ መግባት አደጋ ነው። ሰው በአንድ ላይ መጉረፍ የለበትም፤ የገባውና የወጣው ተቆጥሮ መታወቅ አለበት። የተጎዳን ሰው አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ ማንሳት፣ የሚፈስ ደምን መግታት፣ እነዚህ ሁሉ ልምምድ ይፈልጋሉ። በደጋማ ወረዳዎች ያሉ ክበቦቻችን ይህን ሥልጠና ደጋግመው ጠይቀዋል። በጉባኤው አንዱን ሙሉ ቀን ለዚህ ሰጥተናል። አሠልጣኝ ከቀይ መስቀል እንጠይቃለን። እኛ የምንፈልገው ፋሻ፣ ጓንት፣ ቃሬዛና መለማመጃ ቦታ ነው።

ጉባኤው ምን እንደሚመስል ደግሞ ባጭሩ። አበል የለም። የሆቴል አዳራሽ የለም፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ለመጠየቅ አስበናል። ከየክበቡ ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚመጣው፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት። ሁለተኛውን ቀን አዳራሽ ውስጥ አንውልም። ሁላችንም ሐዋሳ ውስጥ አንድ የአቅመ ደካማ ቤት ከቋሚ እስከ ክዳን እንሠራለን። የቋሚው ክበብ ቋሚውን ያሳያል፤ የምርጊቱ ክበብ ጭቃውን ቀደም ብሎ መጥቶ ያቦካል። ስለዚህ "ገንዘቡን ለቤት አድርጉት" ላላችሁን ሰዎች መልሳችን ጉባኤው ራሱ አንድ ቤት አለበት የሚል ነው።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ለይተን እንንገራችሁ። በክበቦቻችን ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሸከሙት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ቤት ለቤት ዞረው የተቸገረ የሚመዘግቡት፣ ለአረጋውያን ልብስ የሚያጥቡት፣ ደም ለመስጠት የፈራውን የሚያደፋፍሩት እነሱ ናቸው። ከከተማ ውጪ ስብሰባ ሲኖር ግን የሚሄዱት ወንዶቹ ናቸው። ቤተሰብ "የት ልታድሪ ነው?" ይላል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አባት ወይም እናት አልተሳሳተም። መልስ ማግኘት አለበት። መልሱም የክፍል ወለል ላይ በፍራሽ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሐዋሳ ቤተሰቦች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንለምነው እናንተን ነው። ሁለት ልጆችን ለሦስት ሌሊት የምታሳድር እናት ካለች ስሟንና ሰፈሯን ለልጆቹ ወላጆች እንነግራለን፣ በስልክም እናገናኛለን። ሌላ ምንም አንጠይቅም። ምሳና እራት ከእኛ ነው።

ምግቡን በተመለከተ ለሦስት ቀን የሚበቃ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዘይትና ቆጮ ያስፈልገናል። የይርጋዓለምና የአለታ ወንዶ ሰዎች ቡና እንደማታሳጡን እርግጠኞች ነን። ነጋዴዎች በዓይነት መስጠት ይሻለናል ካላችሁም ይሻለናል። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀለም፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሁሉም ሥራ አለው። የተቃጠለ ዘይት ያላችሁ ጋራዦችም እንዳትጥሉት!

ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው ለመንገድ ነው። ከዲላ የሚመጣ ልጅ ቅርብ ነው። ከቦንጋ ወይም ከሳውላ የሚመጣው ግን ረጅም መንገድ አለበት፤ ታሪፉም በየጊዜው ይጨምራል። ለዚህ ነው "አንድ ሰው ይህን ያህል ብር ይስጥ" ብለን ያልቆረጥነው። የአንድ ልጅ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት መሸፈን የሚችል አንድ ልጅ ይያዝ። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ልጅ ቢይዙም ያው ነው። ሃምሳ ብር የሚልክም ሰው ከእኛ ጋር ነው፤ ለሃምሳ ብርም ደረሰኝ እንቆርጣለን።

ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፣ በተለይ ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች፣ ሀገር ቤት ሐዘን ወይም ችግር ሲመጣ ቀድማችሁ የምትደርሱ እናንተ ናችሁ። ይህን ብዙ ጊዜ አይተናል። ዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራችሁ ከደመወዛችሁ የምትልኩ እህቶቻችንም አላችሁ። እናንተን ግን ከአቅማችሁ በላይ አንጠይቅም። ወሬውን አዳርሱልን፣ የምትችሉት ካለ ጨምሩበት።

በገንዘብ ጉዳይ መተማመን የሚመጣው በወረቀት ነው። ሒሳቡ በግለሰብ ስም አይደለም፣ በአዘጋጅ ኮሚቴው ስም ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ከሦስቱ አንዷ የኮሚቴው አባል ያልሆነች የሒሳብ ባለሙያ ናት። ጉባኤው ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገቢና ወጪው ከነደረሰኙ በየክበቡ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል፣ ሰጪ ባይሆንም። ብር ከተረፈ ለሚቀጥለው ቤት ቋሚና ቆርቆሮ ይገዛል። በስማችን በግል ስልክ ቁጥር ገንዘብ ላኩ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ እሱ ከእኛ አይደለም። በባንክም በቴሌብርም የሚገባበትን ቁጥር በከተማችሁ ካለው ክበብ አስተባባሪ በአካል ተቀበሉ።

ልጅ ለማሳደር የፈቀዳችሁ የሐዋሳ ቤተሰቦች እስከ ግንቦት አጋማሽ ብታሳውቁን ወላጆችን ቀድመን እናናግራለን። ከአርባ ምንጭ፣ ከሶዶ፣ ከሆሳዕና ወይም ከቦንጋ ወደ ሐዋሳ የሚመላለስ መኪና ያላችሁ ደግሞ በዚያ ሰሞን ባዶ ወንበር ካላችሁ ንገሩን። ጤፉንና ቆርቆሮውን ለማምጣት አትቸገሩ። የክበብ ልጆች በጋሪም በባጃጅም ደጃችሁ ድረስ መጥተው ይወስዳሉ፤ የተቀበሉትንም እዚያው ጽፈው ይፈርሙላችኋል።